የጠረጴዛ አራት ላባዎች

የዝይ ላባ በእጃችሁ ይዛችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም፣ ልጆቼ። ትራስ ውስጥ የሚገባውን ለስላሳውን ማለቴ አይደለም። ዝይዋ የምትበርበትን፣ ከክንፏ የሚነቀለውን፣ አገዳው ጠንከር ያለውን ነው የምላችሁ። ከአንድ ክንፍ ለሥራ የሚሆነው ስድስት ቢበዛ ሰባት ነው። ከሁለቱም ክንፍ የተነቀለው ተቀላቅሎ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በጆንያ ታስሮ ወደ እኛ ይመጣል። እኛ የባድሚንተን ኳስ ነው የምንሠራው። በራኬት እየተመታች ከመረብ በላይ የምትመላለሰዋን፣ ቀሚስ የለበሰች የምትመስለዋን ኳስ። አሥራ ስድስት ላባ አንድ ቡሽ ላይ ይተከላል። አሥራ ስድስቱም ከአንድ ወገን መምጣት አለባቸው፤ ወይ ሁሉም የግራ ክንፍ፣ ወይ ሁሉም የቀኝ። ከሌላው ወገን ሁለት ሦስት ከገባባት ኳሷ አየር ላይ እንደ ሰካራም ትንገዳገዳለች።

የእኔ ሥራ ግራና ቀኙን መለየት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት።

አለያየቱ እንዲህ ነው። አገዳው ወደ እናንተ፣ ጫፉ ወደ ፊት፣ የሚያብረቀርቀው ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ትይዙታላችሁ። ከአገዳው በዚህና በዚያ ያለው ስፋቱ እኩል አይደለም፤ አንዱ ጎን ጠባብ ነው። ጠባቡ በቀኛችሁ ከሆነ ላባው የግራ ክንፍ ነው። በግራችሁ ከሆነ የቀኝ ነው። አዎ፣ ግልባጭ ነው። አዲስ ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ይወላከፋል፤ ከአሥሩ አንዱን ሁለቱን ያሳስታል። ዓመት ሲሞላ ግን ዓይን አያስፈልግም፣ አውራ ጣት ያውቀዋል።

ጠረጴዛ አራት የሁለት ሰው ነው። ፊት ለፊት እንቀመጣለን፤ ክምሩ መሀል ላይ ይፈስሳል። በመስኮቱ በኩል የግራ ላባ ሣጥን አለ፣ በበሩ በኩል የቀኝ። በእኔ ወንበር መስኮቱ በግራ እጄ በኩል ስለሆነ የግራውን በግራ እጄ፣ የቀኙን በቀኝ እጄ እጥላለሁ። ከፊቴ የምትቀመጠው ባለቤቴ ነበረች። ለእሷ ሁሉም ነገር ተገልብጦ ነው።

«አንተ ምን አለብህ፣» ትለኝ ነበር፣ «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ግራውን በቀኝ ስጥል፣ ቀኙን በግራ ስጥል አለቀ።»

«እንቀያየር እንዴ?»

«አሁን? እጄ ከለመደ በኋላ? ሂድ ወዲያ።»

ታመመች፣ ሦስት ሳምንት ተኛች፣ ሞተች። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ብዙ ሰው መጣ፣ ብዙ ሰው ሄደ። ልጃችን ከባሏ ቤት መጥታ ሳምንት ከኔ ጋር ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ትንሽ አልቅስ፤ ይቀልሃል፣» አለችኝ።

«እሺ፣» አልኳት፣ ዳቦ ገዝተህ ና እንደተባለ ሰው። አላለቀስኩም። እምቢ ብዬ አይደለም። ብፈልገውም የለም። ሻይ ጠጥቼ ምላሴ መቃጠሉን የማውቀው ማታ ጥርሴን ስፍቅ ነበር። ሰው ሲያጽናናኝ አፉን አያለሁ፤ የሚለውን እሰማለሁ፤ ከቆዳዬ ግን አያልፍም።

ሰኞ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና ቀና ስል ወንበሯ ፊት ለፊቴ ነው፤ የምትቀመጥበት ትራሷ እላዩ ላይ፣ ሹራቧ መደገፊያው ላይ። ቀኑን ሙሉ እሱን እያየሁ ከምውል እላዩ ላይ ብቀመጥበት አላየውም አልኩና፣ ተነስቼ በእሷ ቦታ ተቀመጥኩ። ጆንያው ተፈታ፣ ሥራ ጀመርኩ። እስከ ማታ ቀና አላልኩም። ሰባት ከረጢት ሞላሁ። ከረጢቱ ላይ እንደተለመደው የጠረጴዛውን ቁጥርና ወገኑን ጽፈን አስረን ወደ መጋዘን ነው የምንልከው። ሌላ ምልክት የለውም።

በማግስቱ ተቆጣጣሪው አዲስ ሠራተኛ ይዞ መጣ። ተቆጣጣሪውን ሚዛን ነው የምንለው፤ ላባ የሚመዝንባትን ትንሽ ሚዛን ለምሳ ሲወጣም በኪሱ ይዟት ስለሚሄድ ነው። ላባ አያያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ አሁን አለቃዬ ነው፣ ግን አንተ ነው የምለው፣ እሱም አንቱ ይለኛል።

«አባባ፣ እሷ እዚህ ትቀመጣለች። እርስዎ ወደ ቦታዎ ይመለሱና ያለማምዷት።»

ተነስቼ ወደ ወንበሬ ሄድኩ። ሹራቡንና ትራሱን አንስቼ ከጠረጴዛው በታች አደረግኋቸው።

አዲሷ የሠላሳ ዓመት ሴት ትሆናለች። አራት ዓመት የሞላቸው መንታ ወንዶች አሏት፤ አባታቸው የለም፣ ለጎረቤት ትታቸው ነው የምትመጣው። በሳምንቱ ፋብሪካው ሁሉ የመንታዎቹ እናት ይላት ጀመር።

«አባባ፣» አለችኝ በሁለተኛው ቀን፣ አንዱን ላባ ስታገላብጥ ቆይታ፣ «ዝይዋ ራሷ ግራና ቀኟን ታውቃለች?»

«እሷ ምን አስጨነቃት፣ አይከፈላት።»

ሳቀች። አጠገባችን ጠረጴዛ አምስት ላይ ላባውን ቡሽ ላይ የሚያጣብቅ ሰው አለ፤ ወሬ ከያዘ ስለማይለቅ ማስቲሽ እንለዋለን። እሱም ሳቀ። እኔም ፈገግ ማለት እንዳለብኝ አውቄ ፈገግ አልኩ።

እጇ ጥሩ ነበር። ታሳስታለች፣ እያየሁ እመልስላታለሁ። በወሩ መመለሴን ተውኩ ማለት ይቻላል።

አምስት ሳምንት አለፈ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሚዛን ሁለት ከረጢት በሁለት እጁ አንጠልጥሎ መጣ። ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጣቸው። አንዱ «4 ቀኝ» ይላል፣ ሌላው «4 ግራ»። ከመጋዘን ወረፋቸው ደርሶ ወጥተው፣ ከሌሎቹ ጠረጴዛዎች ከረጢት ጋር ተደባልቀው ተተክለዋል። የአንድ ሳምንት ሥራ መሞከሪያ ማሽኑ ላይ ሲንገዳገድ አድሯል። ለውድድር የታዘዘ ኳስ ነበር፤ ገዢው ትእዛዙን ሰርዟል። ሚዛን ይህን ሁሉ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ተናገረ። የተናገረው ለኔ አልነበረም።

«አባባ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሠላሳ ዓመት ሠርተዋል፣ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ነገር አልመጣም፣» አላት። «ገልብጠሽ ነው የያዝሽው። ጠባቡን በቀኝ ስታይ ቀኝ ብለሻል። እኔም ልረዳሽ አልችልም፣ ከላይ ነው የታዘዝኩት። ዓርብ የመጨረሻ ቀንሽ ነው።»

የመንታዎቹ እናት «እሺ፣» ብቻ አለች። ከዚያ ሥራዋን ቀጠለች።

በምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ ከረጢቶቹ እዚያው ነበሩ። ዳቦዬን በአንድ እጄ ይዤ «4 ቀኝ» ከሚለው አንድ ላባ አወጣሁ። የግራ ነው። ሌላ አወጣሁ፣ የግራ። ዳቦዬን አስቀምጬ አሥር፣ ሃያ፣ መቶ በአውራ ጣቴ አሳለፍኩ። ሁሉም የግራ። «4 ግራ» የሚለውን ፈታሁ። ሁሉም የቀኝ። ከዚያ ሁሉ ላባ መካከል ወደ ትክክለኛው ቦታ ተሳስታ የገባች አንዲት እንኳ የለችም።

እዚህ ላይ ነው እጄ የቆመው። አዲስ ሰው ሲሳሳት እንዲህ አይሳሳትም። አዲስ ሰው ከተሳሳተ ይቀላቅላል፤ ዘጠኙን አስተካክሎ አንዱን ያበላሻል፣ ወይም ዘጠኙን አበላሽቶ አንዱን ያስተካክላል። ይሄ ግን እንደ ተሰመረ መስመር ነው። እንዲህ አድርጎ ሊሳሳት የሚችለው ሥራውን አውራ ጣቱ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ሰኞ ዕለት፣ በባለቤቴ ወንበር ላይ፣ መስኮቱ በቀኝ እጄ በኩል ሆኖ፣ ግራውን በግራ እጄ እንደለመድኩት ስጥል ዋልኩ። በግራ እጄ በኩል የነበረው ግን የበሩ ሣጥን፣ የቀኙ ሣጥን ነው።

ሊሰማኝ የሚገባውን አውቀው ነበር። ፊቴ ሊሞቅ፣ ጉሮሮዬ ሊደርቅ። ጠበቅሁ። ምንም። ከረጢቶቹን መልሼ አሰርኩና ዳቦዬን ጨረስኩ።

ረቡዕ ዝም አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ዋልኩ። ብናገር የሚሆነው ግልጽ ነበር፤ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ስህተት የሠራ ሰው «ይረፉ» ይባላል። ልጄ ደግሞ «አባዬ፣ ሥራውን ተውና እኛ ጋ ግባ፣ ክፍል አዘጋጅተንልሃል» እያለች ነው። ቤቴ ሁለት ክፍል ነው፤ ሥራ ባይኖር ከአንዱ ወደ አንዱ መሄድ ነው የሚቀረኝ። ለዚያ ብዬ ዝም አልኩ ብትሉኝ አልከራከርም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልጆቼ፤ ተናገር ብሎ የሚገፋኝም፣ አትናገር ብሎ የሚይዘኝም ነገር ውስጤ አልነበረም። ውሃ የቆመበት ቦይ ነበርኩ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቀና ስል እጇን አየሁት።

አንድ ላባ ይዛለች። ገለበጠችው። መለሰችው። ወደ ብርሃን አቀናችው። ወደ መስኮቱ ሣጥን ልትጥለው ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። ከዚያ በበሩ በኩል ጣለችው፤ ተሳስታለች። ሳምንት ያልሞላት ሰው እንኳ የማይስተው፣ ጠባቡ ጎኑ ከሩቅ የሚታይ ላባ ነበር።

«አባባ፣» አለች ቀና ሳትል፣ «ምኑ ጋ እንደምሳሳት ያሳዩኝ። ሌላ ቦታ ስቀጠር እንዳይደገም ነው። እኔ ልክ የሠራሁ ነበር የመሰለኝ።»

«ልክ ነው የሠራሽው።»

«አይ፣ ተዉኝ፣ አያጽናኑኝ። አሁን አንዱም አልታይ አለኝ። ቤት ገብቼ የልጆቹን ጫማ ግራና ቀኝ ሳደርግላቸው አሳስታለሁ። ትልቁ ሳቀብኝ። ‹እማዬ፣ ኧረ ይሄ የግራው ነው› ይለኛል።»

«መንታ ናቸው አላልሽም? ትልቅ ማነው?»

«በአሥር ደቂቃ ነው የሚበልጠው። ግን አለቃ ነው።»

የማዘን ነገር መጣብኝ ብዬ ብነግራችሁ ውሸት ይሆናል። አንጀቴን አልበላችውም። ሆኖም ያን ጊዜ አወቅሁ፤ አውራ ጣቴ ላባ በሚያውቅበት ዓይነት ማወቅ። ይህች ሴት ጥሩ እጅ ነበራት፤ እሱን እያበላሸሁባት ነው። ሥራዋን ብቻ አይደለም የወሰድኩባት።

ዓርብ ጠዋት ወደ ሚዛን ክፍል ሄድኩ። በሦስት በኩል መስተዋት የሆነች ጠባብ ክፍል ናት። የዚያች የኪሱ ሚዛን ታላቅ እህት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች።

«ከረጢቶቹን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ፣» አልኩት።

«ይቀመጡ፣ አባባ።»

«ቆሜ ይሻለኛል። እኔ ነኝ።»

እስኪሪብቶውን አስቀመጠ። «አሳዘነችዎ፣ አይደል? እኔንም አሳዝናኛለች። መንታ ይዛ... ግን እርስዎ የሠላሳ ዓመት ስምዎን ለሷ ሲሉ እንዲያጎድፉ አልፈቅድም።»

«አላሳዘነችኝም።»

«እንዲህ አይበሉ እንጂ።»

«እውነቱን ነው የምልህ። የተመለስኩ ዕለት በባለቤቴ ወንበር ላይ ነው የዋልኩት። እጄ አልተቀየረም፣ ቦታዬ ነው የተቀየረው።»

እንዳላመነኝ ከፊቱ ያስታውቃል። ሽማግሌው ሐዘኑ ጭንቅላቱን ነካው ብሎ እንደሚያስብም አወቅሁ። «ና ላሳይህ፣» አልኩት።

ጠረጴዛ አራት ስንደርስ የመንታዎቹ እናት ሣጥኗን ባዶ እያደረገች ነበር። «ልጄ፣ አንዴ ተነሽልኝ፣» አልኳት። ተነሳች። በባለቤቴ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። «ጆንያ ክፈቱና አፍስሱልኝ። እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ። እናንተ ሣጥኖቹን እዩ።»

ማስቲሽ እጁን ጠራርጎ መጣ። ሌሎችም ቆሙ። ክምሩን ፊት ለፊቴ ሲያፈሱት የደረቀ ላባ ሽታ መጣ። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ጀመርኩ። ማሰብ አያስፈልገውም፤ አውራ ጣት ይዳስሳል፣ እጅ ይሄዳል። ስንት እንደሆነ አልቆጠርኩም። ጥቂት ቆይቶ የሚዛን ድምፅ፣ «ይበቃል፣ አባባ፣» አለ።

ዓይኔን ስገልጥ ያየሁት ወንበሬን ነው። ባዶውን። የመደገፊያው ቀለም በትከሻዬ ልክ ተፍቆ አልቋል። ሠላሳ ዓመት ይሄን ነበር የምታየው ብዬ አሰብኩ፣ እኔ ተቀምጬበት። አሰብኩት እንጂ አላመመኝም።

ሚዛን በበሩ በኩል ካለው ሣጥን እፍኝ አነሳና አንድ በአንድ አየ። ሁሉም የግራ። ከመስኮቱ በኩል አነሳ። ሁሉም የቀኝ። ቆቡን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

«እኔ አይቻቸዋለሁ፣» አለ ማስቲሽ። «ያን ሰኞ እዚያ ወንበር ላይ ነበሩ። ዝም ያልኩት... በእንዲህ ያለ ቀን ሰው የት ተቀመጥክ ይባላል እንዴ?» ከዚያ ሣጥኑን አጎንብሶ አየና ራሱን ነቀነቀ። «እንዲህ በትክክል መሳሳት እኔ በትክክል ከምሠራው ይበልጣል።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። የመንታዎቹ እናት አልሳቀችም። እኔን አየችኝ፣ ረዘም አድርጋ፣ ከዚያ ሚዛንን።

«አንቺ ቦታሽ ላይ ነሽ፣» አላት ሚዛን። «ከላይ ያሉትን እኔ አነጋግራለሁ።» ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እርስዎ ደግሞ ትንሽ ይረፉ፣ አባባ።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

«እንደውላለን።»

እንደማይደውሉ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ክፋት አልነበረበትም። ትራሱንና ሹራቡን ከጠረጴዛው በታች አውጥቼ በአንድ ከረጢት ከተትኩ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ጨበጡኝ። ማስቲሽ እጄን ሲጨብጠኝ ጣቱ ተጣብቆብኝ በሳቅ አላቀቅነው።

ግቢውን አቋርጬ በሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ ሩጫ ሰማሁ። የመንታዎቹ እናት ነበረች፤ ሽርጧን አላወለቀችም፤ ፀጉሯ ላይ የላባ ብናኝ አለ። ልታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር።

«መቼ ነው ያወቁት?» አለችኝ።

«ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ። ሦስት ቀን ፊት ለፊቴ ተቀምጠው።»

«አዎ።»

«ሐሙስ ማታ ልጆቹን እህቴ ጋ ላስቀምጣቸው ልብሳቸውን ስጠቀልል አደርኩ። ትናንትና፣ አባባ። ትንሹ የኔን ለምን አልጠቀለልሽም አለኝ፣ ሁለቱንም እኮ ነበር የምጠቀልለው፣ አይለየውም። እርስዎ ያን ጊዜ ያውቁ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን?»

ይህን ጥያቄ ስንት ቀን ራሴን ጠይቄዋለሁ። ለልጄም ያልነገርኳትን ነገርኳት። «ምንም አልተሰማኝም፣ ልጄ። ሊሰማኝ እንደሚገባ አውቅ ነበር፤ አልመጣም። እስካሁንም አልመጣም። አሁንም እዚህ ቆሜ ስትቆጪ እሰማሻለሁ፣ ትክክል ነሽ እላለሁ፣ እዚያው ይቀራል።»

ዓይኗ እርጥብ ነበር፣ በቁጣ። ሹራቡ ከከረጢቱ አፍ ወጣ ብሎ ነበር፤ መልሳ ወደ ውስጥ አስገባችው፣ ሰው የሚያደርገውን ሳያስተውል እንደሚያደርገው።

«ይቅር አልኩዎት ብዬ አልዋሽም፣» አለች። «ዛሬ አይሆንልኝም።»

«ዛሬ ባይሆን ምንም አይደል።»

«ሌላ ቀን ይሆን እንደሆነም አላውቅም።»

«እሺ፣ ልጄ።»

የሥራው ደወል ተደወለ። ዞራ ሄደች። ግማሽ መንገድ ላይ መዳፏን ሽርጧ ላይ ጠረገች፣ ላባ ከመያዛችን በፊት ሁላችንም እንደምናደርገው፤ ላብ ያለበት እጅ ላባውን ያጣብቃልና። በሩ ዋጣት።

ጊዜው አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። በዚያ ሰዓት ከዚያ በር ወጥቼ አላውቅም። አውቶቡሱ በአሥር ደቂቃ ይመጣል፤ መጣ፣ ቆመ፣ ሄደ። እኔ በሩ ጥግ ቆሜ ነበር። ሁለተኛው መጥቶ ሄደ። ፀሐዩ ጫማዬ ላይ ደርሶ ነበር።

ጥበቃው ከጎጆው አንገቱን ብቅ አደረገ። ስሜን አያውቅም፤ ሁልጊዜ ጠዋት ሁለት ሰው ሆነን ስንገባ ስለሚያየን «ጥንዶቹ» ነበር የሚለን።

«አባት፣ ማንን ነው የሚጠብቁት?» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው ቆሜ የምጠብቅ መሆኔን ያወቅሁት። እሷ ሁልጊዜ ከእኔ ኋላ ነበር የምትወጣው፤ እጇን ሦስት ጊዜ ካልታጠበች አትወጣም፣ እኔም እዚህ ጥግ ላይ ነበር የምቆመው።

«ማንንም፣» አልኩት።

ጥበቃው ወደ ውስጥ ገብቶ ዱካ ይዞ ወጣ። ከግድግዳው ጥላ ሥር አስቀመጠልኝና፣ «ይቀመጡ፣» አለ፣ «እኔም ብቻዬን ነኝ።» ከረጢቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ በመቆም መድከሙን ያን ጊዜ ነገረኝ፤ እሱ ተሰምቶኛል።